የወንዙ አፍ፣ ነፋሱና የሰው ሙያ

ፊዚክስ ለሚማር ሰው የሃምበር ድልድይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ጥያቄ ያቀርብለታል። ድልድዩ የሚገኘው በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ የሃምበር ወንዝ ከሰሜን ባሕር ከመቀላቀሉ በፊት እየሰፋ በሚሄድበት ሥፍራ ነው። ሁለቱ ምሰሶዎቹ በ1410 ሜትር ይራራቃሉ፤ ቁመታቸውም 155 ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ይሁን እንጂ በአናታቸው መካከል ያለው ርቀት በእግራቸው መካከል ካለው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይበልጣል። ምክንያቱ የግንበኛ ስሕተት ሳይሆን የምድር ክብነት ነው። «ቀጥ ያለ» ማለት ወደ ምድር ማእከል የሚያመለክት ማለት በመሆኑ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቀጥ ብለው የቆሙ ምሰሶዎች ፈጽሞ ትይዩ ሊሆኑ አይችሉም። የምድርን ራዲየስ 6370 ኪሎ ሜትር አድርጎ የሚወስድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስሌቱን በሁለት መስመር ይጨርሰዋል።

ሴንቲ ሜትሮች ሳያመልጧቸው መሐንዲሶች የገነቡት ይህ ድልድይ ግን የታቀደው በተሳሳተ ስሌት ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1960ዎቹ የብሪታንያ መንግሥት የአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር በያዘው ፍጥነት ማደጉን ይቀጥላል ብሎ በማመኑ፣ ብዙ ሕዝብ ሊሰፍርባቸው ይችላል የተባሉ ሦስት የወንዝ አፎችን አስጠንቶ ነበር፤ እነርሱም ሃምበር፣ ሴቨርንና ቴይ ናቸው። የሃምበሩ ጥናት የታተመው በ1969 ነው። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1966 መጀመሪያ በሃል ከተማ በተካሄደ የማሟያ ምርጫ ዋዜማ፣ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ድልድዩ እንደሚሠራ ቃል ገብተው ነበር። ተቺዎች እስከ ዛሬ የምርጫ ጉቦ ይሉታል። ድልድዩ በ1981 ሲከፈት ከተንጠልጣይ ድልድዮች ሁሉ በመሐል ርዝመቱ የዓለም አንደኛ ሆነ፤ ይህንንም ማዕረግ እስከ 1998 ይዞ ቆየ። የተጠበቀው ሕዝብ ግን አልመጣም፤ የአገሪቱ የወሊድ መጠን አሽቆልቁሎ ነበርና። ድልድዩን የሚሻገረው ተሽከርካሪም ከታሰበው አነሰ። ወለዱ ግን አላነሰም። ዕዳው ከግንባታው ወጪ በላይ እያበጠ ሄዶ በመጨረሻ በ2012 መንግሥት 150 ሚሊዮን ፓውንድ ሰረዘለት፤ አንድ መኪና ለመሻገር የሚከፍለውም ከ3 ፓውንድ ወደ 1.50 ወረደ።

በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከአምስት ነጥቦች በኋላ መስመሩን በማስመሪያ ወደ ፊት ቢያራዝመውና «ውጤቱ ይህ ነው» ቢል ነጥብ እንቀንስበታለን። መንግሥታት ይህንኑ ሲያደርጉ ግን ዕቅድ ይባላል።

እኛ ይህን ጉዳይ የመረጥነው የሃምበር ታሪክ ለክልል ልማት ትልቅ ትምህርት የያዘ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ትምህርቱም ከኢኮኖሚክስ ይልቅ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ የቀረበ ነው። ጂኦግራፈሮች ኢስቹዋሪ የሚሉት፣ የባሕር ሙላትና ጉድለት ወደ ውስጥ እየገባና እየወጣ የሚያሰፋውን የወንዝ አፍ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ሥፍራ የለም፤ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ዓባይም ከሜዲትራኒያን የሚገናኘው በግብፅ ምድር ሲሆን፣ በዚያ ባሕር ሙላቱና ጉድለቱ ደካማ በመሆኑ የተከማቸው ደለል ዴልታ ሠርቷል። ሃምበር ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። የእንግሊዝን ምድር አንድ አምስተኛ የሚያህል ስፋት የሚያጥቡ ወንዞች ውኃቸውን ወደዚያ ያፈሳሉ፤ ጨረቃና ፀሐይ በአንድ መስመር በሚሆኑበት ጊዜ ደግሞ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ6 ሜትር ይበልጣል። በሰሜን ዳርቻው የሃል ከተማ፣ በደቡብ ዳርቻው ግሪምስቢና የኢሚንግሃም ወደብ ይገኛሉ።

ይህ አካባቢ ድኻ ለመሆን ምንም የተፈጥሮ ምክንያት የለውም። በጭነት ክብደት ከብሪታንያ ግንባር ቀደም ወደቦች አንዱ በዚያ ይገኛል፤ የብረት ፋብሪካ፣ የነዳጅ ማጣሪያ፣ የጋዝ መስመርም አለው። ሆኖም በ2019 በወጣው የእንግሊዝ የድህነት መለኪያ ሃል ከ317 የአስተዳደር አካባቢዎች አራተኛ ድኻ ሆና ተመዝግባለች። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

አንዱ መልስ ዓሣ ነው። ሃልና ግሪምስቢ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከዓለም ታላላቅ የዓሣ ማጥመጃ ወደቦች መካከል ነበሩ። መርከቦቻቸው እስከ አይስላንድና እስከ ባረንትስ ባሕር ድረስ ይሄዱ ነበር። ሥራው እጅግ አደገኛ ነበር። በሰሜኑ ባሕር የሚረጨው ውኃ በመርከቡ ምሰሶና ገመድ ላይ ወዲያው በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ በረዶው ከላይ ሲከማች የመርከቡ የክብደት ማእከል ወደ ላይ ይወጣል፤ ማእከሉ ከተወሰነ ከፍታ ካለፈ መርከቡ ዘንበል ሲል ተመልሶ መቅናት አይችልም። ስለዚህ መርከበኞች ቀንና ሌሊት በመጥረቢያ በረዶ ሲፈልጡ ያድራሉ። በ1968 መጀመሪያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት የሃል መርከቦች ሰጥመው 58 ሰዎች አለቁ። ሊሊያን ቢሎካ የተባሉ የሃል ሴት ሌሎች የመርከበኛ ቤተሰቦችን አስተባብረው እስከ ለንደን ድረስ በመሄድ የመርከብ ደኅንነት ደንቦች እንዲሻሻሉ አስገድደዋል።

አይስላንድ የዓሣ ክልሏን ደረጃ በደረጃ አሰፋች፤ በ1976 ክርክሩ ሲያበቃ 200 የባሕር ማይል፣ ማለትም 370 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የእርሷ ሆነ። አይስላንድ ዓሣዋን የመጠበቅ መብት አልነበራትም አንልም። የሚያሳዝነው በሃል በኩል የሆነው ነገር ነው። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በባሕር የሠሩ ሰዎች በሕግ ፊት የቀን ሠራተኞች ተደርገው ይቆጠሩ ስለነበር፣ ከሥራ ሲሰናበቱ ለሌላው ሠራተኛ የሚሰጠው የስንብት ካሣ አልተሰጣቸውም። የካሣ ዕቅድ የወጣላቸው በ2000 ነው፤ እስከዚያ ብዙዎቹ ሞተው ነበር። እነዚህ ሰዎች የናፍጣ ሞተር መጠገን፣ በራዳር መምራት፣ የአየር ጠባይ ማንበብ፣ ከባድ ጭነት በሚናወጥ ወለል ላይ ማንሣት ያውቁ ነበር። አብዛኛው ዕውቀታቸው ግን በወረቀት ላይ አልነበረም። ስለዚህ የወረዳው ጽሕፈት ቤት «ያልሠለጠነ» ብሎ መዘገባቸው። እንደ እኛ አስተያየት በሃምበር ከጠፋው ሀብት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ከመርከቦቹም ይበልጣል። መርከብ ይሸጣል፤ ሳይመዘገብና ለሚቀጥለው ትውልድ ሳይተላለፍ የተበተነ ሙያ ግን በገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።

ሁለተኛው ታሪክ ለሳይንስ ተማሪዎች ይበልጥ የቀረበ ነው። ጆርጅ ግሬይ የተባሉ ኬሚስት ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሃል ዩኒቨርሲቲ ፈሳሽ ክሪስታሎችን ያጠኑ ነበር። ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ፈሳሽ የሚፈስስ፣ ሞለኪዩሎቹ ግን እንደ ክሪስታል በአንድ አቅጣጫ የሚደረደሩ ቁስ ነው፤ በኤሌክትሪክ መስክ ሞለኪዩሎቹን ማዞር ስለሚቻል የሚያልፍበትን ብርሃን መቆጣጠር ይቻላል። ለብዙ ዓመታት ይህ ጥናት ጥቅሙ የማይታወቅ ተራ ጉጉት ይመስል ነበር። ችግሩ በጊዜው የነበሩት ቁሶች ወይ በከፍተኛ ሙቀት ብቻ የሚሠሩ፣ ወይም በእርጥበትና በብርሃን የሚበላሹ መሆናቸው ነበር። የግሬይ ቡድን ከመከላከያ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ጋር ተባብሮ በ1973 ያሳተመው ሥራ በመደበኛ የክፍል ሙቀት የሚሠሩና የማይበላሹ ሳያኖባይፌኒል የተባሉ ውሑዶችን ለዓለም አስተዋወቀ። የእጅ ሰዓት፣ የሒሳብ ማሽን፣ ከዚያም የኮምፒዩተር ጠፍጣፋ ስክሪን መሠረታቸው ይህ ነው። ግሬይ በ1995 የጃፓኑን የኪዮቶ ሽልማት ተቀብለዋል።

ታዲያ የስክሪን ፋብሪካዎቹ የት ተቋቋሙ? በሃል አይደለም። ውሑዶቹን ያመርት የነበረው ኩባንያ በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ያለ ሲሆን፣ በዚያው በ1973 ሜርክ በተባለው የጀርመን ኩባንያ ተገዛ። ስክሪኖቹ በጃፓን፣ ቀጥሎም በኮሪያ፣ በታይዋንና በቻይና ተመረቱ። ይህ የማንም ሤራ አይደለም። ፈሳሽ ክሪስታል በትንሽ ጠርሙስ ተሞልቶ በአውሮፕላን ወደየትም ይሄዳል፤ በወንዙ አፍ የሚያስረው ነገር የለም። በቅርቡ ደግሞ የባሰ ነገር ተከሰተ፤ በ2024 መገባደጃ ዩኒቨርሲቲው የተማሪ ቁጥር በመቀነሱ ምክንያት የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሉን ለመዝጋት ማቀዱን አስታወቀ። ከአንድ ትምህርት ክፍል በመላው ዓለም ኪስ ውስጥ የገባ ግኝት ወጥቶ፣ ትምህርት ክፍሉ ራሱ ግን በአመልካች እጦት ሊዘጋ መሆኑን ስንሰማ እኛ የሳይንስ መምህራን ያደረብንን ስሜት አንባቢ ይረዳልናል።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ። በአንድ ክብ ስፋት ውስጥ የሚያልፈው የነፋስ ኃይል ከክቡ ስፋትና ከነፋሱ ፍጥነት ኩብ ጋር ይመጣጠናል። የክቡ ስፋት ደግሞ ከተርባይኑ ክንፍ ርዝመት ስኩዌር ጋር ይሄዳል። በሃል የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ክንፎች 75 ሜትር ርዝመት ነበራቸው፤ ሲሽከረከሩ የሚሠሩት ክብ ዲያሜትር 154 ሜትር ነው። የኋለኞቹ 108 ሜትር ናቸው፤ ዲያሜትሩም 222 ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ በ1.44 ሲባዛ ስፋቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ቢነፍስ በትልቁ ክብ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ወደ 23.7 ሜጋ ዋት ይጠጋል፤ የጀርመኑ ፊዚሲስት አልበርት ቤትዝ በ1919 እንዳሳዩት ከዚህ ውስጥ ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ ፈጽሞ አይቻልም፤ አለበለዚያ ከተርባይኑ ጀርባ ያለው አየር መውጫ ያጣል። ተማሪዎች ስሌቱን ራሳቸው እንዲሠሩት ትተንላቸዋል። ክብደቱ ግን ሌላ ሕግ አለው፤ ቅርጹ ሳይለወጥ ርዝመቱ ብቻ በዚያው መጠን ቢያድግ ክብደቱ በኩብ፣ ማለትም ወደ ሦስት እጥፍ፣ ይጨምራል። ክንፉን የሚያረዝም መሐንዲስ ያለማቋረጥ ከዚህ ሕግ ጋር ይታገላል፤ የቁስ ሳይንስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ የሚበልጥ ርዝመት ያለው፣ ሳይቆራረጥ በአንድ ወጥ የተሠራ ክንፍ በከተማ ጎዳና ላይ ማሽከርከር ከባድ ነው። ስለዚህ ሲመንስ ክንፍ ፋብሪካውን በሃል አሌክሳንድራ ወደብ፣ መርከብ ሊጠጋበት በሚችል ሥፍራ ላይ ገነባ፤ በ2016 መገባደጃም ሥራ ጀመረ። እርሱና የወደቡ ባለቤት በአንድነት ያወጡት 310 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ወደ 1000 ሰዎች ተቀጠሩ። በ2017 መጀመሪያ ከክንፎቹ አንዱ በከተማዋ አደባባይ ላይ ለሳምንታት ለሕዝብ እይታ ተጋድሞ ነበር። ክንፉ የሚሠራው በአመዛኙ በእጅ ነው። ሠራተኞች የፋይበር ግላስ ጨርቅና ቀላል እንጨት በግዙፍ ቅርጽ ውስጥ ድርብ በድርብ ያነጥፋሉ፤ አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ሲወጣ የከባቢ አየር ግፊት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ የ10 ቶን ያህል ይጫናል፤ በዚህም ፈሳሹ ሬዚን ወደ ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል። አንድ የተሸበሸበ ጨርቅ ከዓመታት በኋላ በባሕር ላይ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሠራተኛው እጅና ዓይን የማሽን ያህል ዋጋ አላቸው።

እንግዲህ ነፋሱና የክንፉ ርዝመት ሥራውን ከሃል ጋር አሰሩት ብሎ መደሰት ይቻላል። ብዙ ጸሐፊዎችም እንዲህ ብለዋል። እኛ ግን በዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ አለን። ፊዚክስ የወሰነው ፋብሪካው በባሕር ዳር መሆን እንዳለበት እንጂ በዚህ ባሕር ዳር መሆን እንዳለበት አይደለም። ይኸው ኩባንያ በዴንማርኳ ኦልቦርግ ክንፍ ይሠራል፤ የተርባይኑን ዋና አካል የሚገጣጥመው ደግሞ በጀርመን ኩክስሃቨን፣ በኤልበ ወንዝ አፍ ነው። መርከብ ክንፉን ከየትኛውም ያመጣዋል። የንድፉ ሥራ ማእከል በዴንማርክ ነው። በሌላ አነጋገር ሃል የደረሰው የእጁ ሥራ ነው፤ ራሱ፣ ማለትም ማሰቡ፣ ሌላ ቦታ አለ። የእጅ ሥራን አንንቅም፤ ከላይ እንደገለጽነው ሥራው ጥበብ ነው። ነገር ግን አንድ ኩባንያ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ተመርኩዞ ሊያዛውረው የሚችለው ክፍል በአብዛኛው ይኸው ነው። የሚያስረው ነገር ከሠራተኛው ጋር የሚኖር፣ ለማዛወር ውድ የሆነ ዕውቀት ነው። ወደብ የሆነን ቦታ ሁሉ ወደዚህ ወደብ የሚለውጠው እርሱ ነው።

ከዚህ አኳያ በሃምበር ከተደረጉት ነገሮች እኛን ይበልጥ የሚማርኩን ፋብሪካው ራሱ ሳይሆን በዙሪያው የበቀሉት ትምህርት ቤቶች ናቸው። በ2017 በሃል ከ14 እስከ 19 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ሮን ዲሪንግ የተባለ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ አሠሪ ድርጅቶች በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ድርሻ አላቸው። በ2019 ደግሞ የሃል ዩኒቨርሲቲ ከደርሃም፣ ከኒውካስልና ከሼፊልድ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ኦራ የተባለ፣ በባሕር ላይ ነፋስ ኃይል የዶክትሬት ተማሪዎችን የሚያሠለጥን ማእከል አቋቁሟል። ከ14 ዓመት ልጅ እስከ ዶክትሬት ድረስ በአንድ ከተማ የተዘረጋ መሰላል ማለት ነው። የመሰላሉ አንድ ርከን ቢጎድል፣ ለምሳሌ ሬዚን ለምን እንደሚጠነክር የሚያስተምረው ኬሚስትሪ ቢዘጋ፣ የታችኛው ተማሪ ወደ ላይኛው የሚወጣበት አይኖረውም። የትምህርት ክፍል በአመልካች ቁጥር ብቻ መመዘኑን የምንቃወመው ለዚህ ነው። በዚሁ ሚዛን ቢሆን ኖሮ የግሬይ ፈሳሽ ክሪስታል በ1960 ይዘጋ ነበር።

ነፋሱም ቢሆን ዋስትና አይደለም። ከዮርክሺር ጠረፍ 120 ኪሎ ሜትር ርቆ የተተከለው ሆርንሲ አንድ 174 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን 1.2 ጊጋ ዋት ያመነጫል፤ ሆርንሲ ሁለት በ2022 ሙሉ ሥራ ጀምሯል። ሆርንሲ አራትን ግን የዴንማርኩ ኧርስቴድ ኩባንያ በግንቦት 2025 ወጪው ስለናረ በነበረበት መልኩ አልቀጥልበትም ብሎ አቆመው። በዚያው ዓመት መንግሥት የስከንቶርፕ ብረት ፋብሪካ እንዳይዘጋ በአስቸኳይ ሕግ ቁጥጥሩን ወሰደ፤ ከኢሚንግሃም አጠገብ ያለ የነዳጅ ማጣሪያ ባለቤትም ከሰረ። ከዓሣ ወደ ነፋስ መዞር ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር። ነገር ግን በአንድ ሸቀጥ ላይ የታሰረ ከተማ ሸቀጡ ዓሣም ሆነ ሜጋ ዋት ተመሳሳይ አደጋ ላይ ነው።

የእኛ ተማሪዎች ይህን ለምን ያነባሉ የሚል ቢኖር፣ አሰላ አቅራቢያ ለሚገኘው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖችን እንዲያቀርብ ውል የተሰጠው ሲመንስ ጋሜሳ፣ በሃል ክንፍ የሚሠራው ያው ኩባንያ ነው። እኛ ክንፉን ሠርተን አናውቅም፤ ተሠርቶ ይመጣልናል። ተከላውን ከጎን ሆኖ የሚያይ ወጣት መሐንዲስ ምን ያህሉን ዕውቀት ይዞ እንደሚቀር ግን በውሉ ላይ ሊጻፍ የሚችል ጉዳይ ነው።

ወደ ሃምበር ስንመለስ አንድ ነገር ይቀረናል። የወንዙ አፍ አንድ ሥርዓት ነው፤ በታኅሣሥ 2013 ዐውሎ ነፋስ የገፋው የባሕር ሙላት ሁለቱንም ዳርቻ በአንድ ሌሊት አጥለቅልቋል። አስተዳደሩ ግን አንድ ሆኖ አልዘለቀም። በ1974 ሁለቱን ዳርቻዎች ያጣመረ ሃምበርሳይድ የተባለ አውራጃ ተመሥርቶ ነበር፤ ብዙ ነዋሪዎች ስለጠሉት በ1996 ፈረሰ። በግንቦት 2025 ደግሞ ሰሜኑና ደቡቡ ለየብቻቸው ከንቲባ መርጠዋል። ለሁለቱም አስተዳደሮች ከሚተላለፉት ሥልጣኖች አንዱ የአዋቂዎች የሙያ ሥልጠና በጀት ነው። በግሪምስቢ የሚኖር የተርባይን ጠጋኝ ድልድዩን ተሻግሮ በሃል እንዲሠለጥን የትኛው በጀት ይከፍልለታል? ሁለቱ ከንቲባዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሊጽፉት የሚገባ የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ ይመስለናል፤ ለድልድዩ መሻገሪያ 1.50 ፓውንዱንም አብረው ቢያስቡለት ደግ ነው።